ማስረጃውን ማን ያምጣ?

ለዕረፍት ወደ ሉማሜ የምንገባ ተማሪዎች ገና የመንገዱን አቧራ ሳናራግፍ የምንታዘዘው ሥራ አለ። «ልጄ፣ አንተስ ቀለም ቆጥረሃል፤ እስቲ ይችን ማመልከቻ ጻፍልኝ» እንባላለን። ከሚያጽፉን መካከል በደርግ ዘመን ዘምተው የተመለሱ አባቶች አሉ። የጥይት ቁስል ያለበትን ሰው ማመልከቻ መጻፍ አያስቸግረንም፤ ጠባሳው ራሱ ይናገራል። የሚያስቸግረን ጠባሳ የሌለው ሕመም ነው። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለዚህኛው ነው።

አንድ ሰው እናስብ። በ1969 ዓ.ም. ከጎጃም ደጋ ተመልምሎ ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ከዋቢ ሸበሌ ዳር ሰፈረ፤ ከወንዙ ታጠበ፣ ወንዙንም በእግሩ ተሻገረ። ጦርነቱ አለፈ፣ እርሱም ወደ እርሻው ተመለሰ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሽንቱ ደም ቀላቀለ፤ ስላላመመው ዝም አለ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው ተባለ። ይህ ሰው የጉዳት አበል ቢጠይቅ «ሕመሙ ከአገልግሎትህ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ» ቢባል ምን ያመጣል?

ሳይንሱ ምን ይላል? የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት ለፊኛ ካንሰር መነሻ እንደሚሆን የተረጋገጠ ነው። ይህ ዓይነት በአገራችን የሚገኘው በተወሰኑ ቆላዎች ነው፤ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ በሱዳን ጠረፍም በኩርሙክ። የሉማሜ ሰው በገዛ ምንጩ አይዘውም። ከዚህም ሌላ ቀለም ቀቢዎችና እሳት አጥፊዎች ለፊኛ ካንሰር የተጋለጡ መሆናቸውን የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት አረጋግጧል። ሠራዊትም ቀለም ቀቢም፣ እሳት አጥፊም አለው። በሽታው ግን ከምክንያቱ በኋላ አሥርና ሃያ፣ ሠላሳም ዓመት ቆይቶ ይመጣል። ያን ጊዜ አዛዡ ሞቷል፣ ጓዱ ተበትኗል፣ ወረቀቱም ጠፍቷል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከሥራ የሚመጡ በሽታዎች በሠንጠረዥ እንዲዘረዘሩ ያዛል። በተጠቀሰው ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው በተዘረዘረው በሽታ ከታመመ፣ መታመሙ ብቻ በቂ ማስረጃ ይሆንለታል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አዋጁ ወታደሩን አይመለከትም። ደግሞም በሥራው አካባቢ የተለመደ ወይም የሚዛመት በሽታ ከሥራ የመጣ በሽታ አይባልም ይላል። ይህ አስተሳሰብ ለአገሬው ሠራተኛ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። ከደጋ ተነሥ፣ ቆላ ውረድ ተብሎ ለታዘዘ ወታደር ግን እንዴት ይሠራል? ወንዙን የመረጠለት ትእዛዙ አይደለምን?

ወታደሩ የሚዳኘው በጡረታ ሕግ ነው። በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 714 በጡረታ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲያመለክት በር ከፍቶ ነበር። በር መከፈቱን እናመሰግናለን። ዳሩ ግን ባዶ እጁን ለሚመጣ ሕመምተኛ የተከፈተ በርም ከተዘጋው አይሻልም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? የአሜሪካ መንግሥት በቬትናም ጦርነት ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ከአውሮፕላን ረጨ። ጦርነቱ ካበቃ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በእነርሱ አቈጣጠር በ2021 መባቻ፣ የፊኛ ካንሰር ከዚያ መርዝ እንደመጣ ከሚገመቱ በሽታዎች ጋር በሕግ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ በተባለው ስፍራና ጊዜ ያገለገለ ሰው መርዙ እንዳሳመመው አንድ በአንድ እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ሀብታሙም መንግሥት ዘግይቷል፤ ብዙዎችም ሳያዩት ሞተዋል። መዘግየቱን ሳይሆን መፍትሔውን እንማር።

«ይህ ከሆነ ሲጋራ ያሳመመው ሁሉ መንግሥትን ሊከስ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ለፊኛ ካንሰር ዋነኛው መንሥኤ ትምባሆ ነው። እኛም ግምቱ አይፈርስ አላልንም። መንግሥት ሌላ ምክንያት እንዳለ ካወቀ ያቅርብና ያስረዳ። ጥያቄያችን ማን ቀድሞ ይናገር ነው። የዘመቻውን መዝገብ የያዘ ማን ነበር? ወታደሩ ወይስ አዝማቹ? በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን መዝገብ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የገባ ወታደር የለም። አገር ያዘመተውን ሰው አገሩ ልታውቀው ይገባል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያዘመተስ እንዲረሳ ይፈቀድለታልን?

ስለዚህ ለወታደሩም የበሽታዎች ሠንጠረዥ ይውጣለት፤ ያገለገለበት ቆላ ወንዝና የሠራው ሥራ ይቈጠርለት፤ መዝገብ ሲጠፋ የጓደኞቹ ምስክርነት ይበቃው እንላለን።

እስከዚያው እኛስ? የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ ማመልከቻ ስንጽፍ «ስለ አገሬ ደክሜአለሁ» በሚለው ብቻ አንጨርስ። የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ወንዝ ዳር ብለን ጠይቀን እንጻፍ፤ በሕይወት ያሉ ጓዶቹንም እንፈልግ። የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ ሰው ባያመውም ፈጥኖ እንዲመረመር በየደጁ ንገሩ። ቢልሃርዝያ በጊዜ ከተገኘ በኪኒን ይድናል፤ ካንሰሩም ቀድሞ ሲታወቅ ተስፋ አለው።

በመጪው ክረምት «ልጄ፣ ጻፍልኝ» ስንባል ብዕራችን ዝግጁ ይሁን።