ቅጠል በገረጣ ቁጥር ጠርሙስ

ነገሩ የሚጀምረው መብራቱ በቀን ከ18 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ከተቀነሰ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ካናቢስ የማበቢያ ጊዜው መድረሱን የሚያውቀው ከሌሊቱ ርዝመት ነውና፣ ጨለማው ሲረዝምበት ጉልበቱን ሁሉ ወደ አበባ ያዞራል። ግንዱ ይመዘዛል፤ አንዳንዱ ዝርያ በእነዚህ ሳምንታት ብቻ ቁመቱን እጥፍ ያደርጋል። በየአንጓው ነጫጭ ክሮች ብቅ ይላሉ። አብቃዩ ዓይኑን ወደ ላይ ተክሎ በእነሱ ሲደሰት፣ ከታች ወደ አፈሩ የቀረቡት ሰፋፊ ቅጠሎች መገርጣት ይጀምራሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ የሎሚ ልጣጭ ይመስላሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሲነኳቸው እጅ ላይ ይቀራሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ከቫንኩቨር እስከ ዴንቨር፣ ከቶሮንቶ እስከ በርሊን ተመሳሳይ ነው። አንዱ አብቃይ «አበባ ላይ ነው፣ ያለ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው «ማግኒዚየም ጎድሎታል» ይልና የካልሲየምና የማግኒዚየም ጠርሙስ ይከፍታል። ሦስተኛው ለአበባ ተብሎ የተሸጠለትን ማዳበሪያ መጠኑን ይጨምራል። ሦስቱም ተክሉን ሳይመረምሩ ፈርደዋል።

ጉዳዩ ዛሬ የጓዳ ጨዋታ አይደለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ቀን 2018 ካናቢስን ሕጋዊ ስታደርግ፣ በፌዴራሉ ሕግ አንድ ቤተሰብ እስከ 4 ተክል እንዲያበቅል ፈቅዳለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 3 ተክል ፈቅዳለች። በእስራኤል ፈቃድ ያላቸው እርሻዎች ለሕሙማን ያመርታሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተክሉ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እዚህ የሚነሳው ሕግ በፈቀደባቸው አገሮች ያለው አሠራር ነው። የአሠራሩ ሥር ግን ማንኛውም የበቆሎ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቢጫ ቅጠል ምን እያለ ነው?

ለምን ከታች እንደሚጀምር ማወቅ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ተክል አንዳንዱን ምግብ ካስቀመጠበት አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ይችላል፤ አንዳንዱን አይችልም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ተንቀሳቃሽ ናቸው። ካልሲየምና ብረት ግን አንዴ ከገቡበት ቅጠል እምብዛም አይወጡም። ስለዚህ ብረት ሲጎድል የሚገረጣው አዲሱ ለጋ ቅጠል ነው። ናይትሮጅን ሲጎድል ግን ተክሉ አሮጌውን ቅጠል ያፈርሳል። በአረንጓዴው ክፍል ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ ይበትነውና ወደ ላይ፣ ወደ እንቡጡ ይልከዋል። እናት ከጉሮሮዋ ነጥላ ለልጇ እንደምታጎርስ ማለት ነው። የታችኛው ቅጠል የሚገረጣው ያለው ተወስዶበት ነው።

በቆሎ ላይም እንዲሁ ነው። ናይትሮጅን ያነሰው በቆሎ አገዳው አናት ላይ ሊያብብ ሲል ከታች ያሉት ቅጠሎች ከጫፋቸው ተነስተው በመሐለኛው ጅማት በኩል ወደ ውስጥ ይገረጣሉ። ይህን ያየ ገበሬ ነጩ ማዳበሪያ እንዳነሰ ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬው ምክንያት አለው። ካናቢስ አብቃዩ ግን ያንኑ ምልክት እያየ ናይትሮጅን የሌለበትን ጠርሙስ ያነሳል። ለምን?

ምክንያቱ ለዓመታት ሲደጋገም እንደ እውነት የተቆጠረ አባባል ነው፤ «ናይትሮጅን ለቅጠል፣ ፎስፈረስ ለአበባ» የሚለው። በዚህ እምነት የተነሳ መብራቱ ወደ 12 ሰዓት በተቀነሰበት ቀን ብዙዎች ናይትሮጅኑን ይቆርጣሉ፣ በምትኩ ፎስፈረስና ፖታሲየም የበዛበትን የአበባ ማዳበሪያ ይጀምራሉ። የብዙዎቹ ዱቄቶች መሠረት ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት የሚባለው ጨው ነው፤ በማዳበሪያ አቆጣጠር 0-52-34 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያዋ ዜሮ የናይትሮጅን ቦታ ናት። ተክሉ በሕይወቱ ፈጥኖ በሚረዝምበት፣ አዲስ ግንድ፣ አዲስ ቅጠልና አዲስ እንቡጥ በአንድ ላይ በሚሠራበት ሳምንት፣ በጣም የሚፈልገው ምግብ ይነሳዋል። ከዚያ የታችኛው ቅጠል ሲገረጣ አብቃዩ ይደነግጣል። ረሃቡን ያመጣው ግን እሱ የተከተለው የማዳበሪያ ሰንጠረዥ ነው።

አባባሉን የፈተኑ ሰዎች አሉ። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሉዊስ ቤቫን፣ ማክስ ጆንስና ዩቢን ዜንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ካናቢስን ያለ አፈር እያበቀሉ በአበባው ወቅት የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየምን መጠን አቀያይረው ምርቱን መዘኑ። ከፍተኛው የአበባ ምርት ይገኛል ብለው ያሰሉት በሊትር 194 ሚሊ ግራም ናይትሮጅንና 59 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ሲሰጥ ነው። ፖታሲየም በሊትር ከ60 እስከ 340 ሚሊ ግራም ድረስ ቢወጣ ቢወርድ በምርቱ ላይ ለውጥ አላመጣም። ልብ ይባል፤ ይህ በአበባው ወቅት ነው። ተክሉ የፈለገው ናይትሮጅን ከፎስፈረሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ በገበያ ያለው የአበባ ጠርሙስ ግን ሚዛኑን ገልብጦታል።

በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ፎስፈረስን ብቻ ነጥሎ አየ። ስድስት መጠን ተሰጠ፤ ትንሹ በሊትር 3.75፣ ትልቁ 30 ሚሊ ግራም። ከ11.25 ሚሊ ግራም በላይ የተጨመረው ፎስፈረስ በአበባው ውስጥ ያለውን የካናቢኖይድ ክምችት አላሳደገውም። የፎስፈረስ እጥረት ራሱ በመጀመሪያ የሚታየው በጥቁር አረንጓዴና ወይን ጠጅ ባዘለ መልክ፣ በእድገት መቀጨጭ ነው እንጂ በንጹሕ ቢጫ አይደለም። የታችኛው ቅጠል እኩል ሲገረጣ ፎስፈረስ መጨመር ለራሰ ሰው ጃንጥላ ትቶ ባርኔጣ እንደመግዛት ነው። ከመጠን ያለፈው ፎስፈረስ ብረትንና ዚንክን ለሥሩ የማይደረሱ ያደርጋቸዋል፤ የተረፈው ከማጠጫው ጋር ወጥቶ ወደ ወንዝና ሐይቅ ይሄዳል፣ በዚያም አልጌ ያበዛል።

ታዲያ መልሱ ናይትሮጅን መጨመር ብቻ ነው? አይደለም። ይህ ቢባል አንዱን ጠርሙስ በሌላ መተካት ይሆናል።

የማግኒዚየሙን ነገር እንውሰድ። ማግኒዚየም የክሎሮፊል እምብርት ስለሆነና ተንቀሳቃሽም ስለሆነ፣ ሲጎድል በእርግጥ ከታች ወይም ከመካከል ይጀምራል። መልኩ ግን የተለየ ነው። ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆዩና በመካከላቸው ያለው ሥጋ ይገረጣል፤ ቅጠሉ የዓሣ አጥንት የተሳለበት ይመስላል። የናይትሮጅን ረሃብ ግን ጅማትና ሥጋ ሳይለይ ቅጠሉን በሙሉ ያገረጣዋል። ይህን ለመለየት ቅጠሉን ቆርጦ በቀን ብርሃን ማየት ብቻ ይበቃል። በሐምራዊ መብራት ሥር የተነሳ ፎቶ ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሙ ሁሉ የተዛባ ነው።

ውሃውም ይጠየቅ። የቫንኩቨር የቧንቧ ውሃ ከተራራ ማጠራቀሚያዎች የሚመጣ በጣም ለስላሳ ውሃ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም ማለት ይቻላል። የካልጋሪ ውሃ ግን ጠንካራ ነው፤ ሁለቱንም ተሸክሞ ይመጣል። በኮኮናት ገለባ ላይ የሚያበቅል የቫንኩቨር ሰው ማግኒዚየም ቢጠረጥር ምክንያት አለው። የካልጋሪው ሰው ያንኑ ጠርሙስ በየሳምንቱ ሲጨምር ግን ውሃው የሰጠውን ነገር በገንዘቡ እየደገመ፣ ጨው በሥሩ ዙሪያ እያከማቸ ሊሆን ይችላል። አንድ ምክር ለሁለቱ ከተሞች እኩል ሲሰጥ ቢያንስ በአንዱ ስህተት ነው። ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሲሰጥ ደግሞ ሥሩ ማግኒዚየም እንዳይወስድ ይጋፋዋል፤ ስለዚህ እውነተኛውን የማግኒዚየም እጥረት ያመጣው አንዳንዴ ያው የአበባ ማዳበሪያ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሆዱ ሳይራብ የሚገረጣው ተክል ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የዋልካ አፈር ያለው ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በክረምት ውሃ የተኛበት የስንዴ ማሳ ይገረጣል፤ ማዳበሪያ ስላነሰው ላይሆን ይችላል፣ ሥሩ አየር አጥቷልና አፈር ውስጥ ያለውን መውሰድ አቅቶታል። በእንዲህ ያለ ማሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውሃውን ማጠንፈፍ ነው። በባልዲ ውስጥ የተተከለ ካናቢስም በየቀኑ ሲጠጣ ይህ ይደርስበታል፤ ቅጠሉ ይከብዳል፣ ይወርዳል፣ ከታች ይገረጣል። ባለቤቱ «ራበው» ብሎ ማዳበሪያ የበጠበጠበትን ተጨማሪ ውሃ ያፈስበታል።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ዛሚር ፑንጃ በካናዳ የካናቢስ ማብቀያዎች ውስጥ ፉሳሪየምና ፒቲየም የተባሉት ሥር አበስባሾች እንዳሉ በተደጋጋሚ መዝግቧል። የእነዚህ በሽታዎች ምልክት ምንድን ነው? መገርጣት፣ መቀጨጭ፣ መጠውለግ። ከላይ ለሚያየው ሰው ከረሃብ አይለይም። ተክሉን ከባልዲው ቀስ ብሎ አውጥቶ ሥሩን ያየ ግን ወዲያው ይለየዋል፤ ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፣ የበሰበሰው ቡናማና ሙልጭልጭ ነው። ብዙ አብቃይ ከተከለበት ቀን ጀምሮ የተክሉን ሥር አንዴም አይቶ አያውቅም። የቅጠሉን ጀርባ በማጉያ መነጽር ያየውም ጥቂት ነው፤ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ቅጠሉን በነጠብጣብ ያገረጣዋል።

መለካት ውድ ነው እንዳይባል፣ የፒኤችና የጨው መጠን መለኪያ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው። በአበባ እርሻዎች የተለመደው አሠራር ቀላል ነው። ተክሉ እንደተለመደው ይጠጣል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ትንሽ የተጣራ ውሃ ከላይ ይፈስስና ከሥር የሚወጣው 50 ሚሊ ሊትር ያህል ተይዞ ይለካል። ያ ፈሳሽ ሥሩ ምን ውስጥ እንደተቀመጠ ይናገራል። ጨዉ ዝቅ ያለ ሆኖ ፒኤቹ ደህና ከሆነ ተክሉ እውነትም ተርቧል። ጨዉ ከፍ ብሎ ቅጠሉ የሚገረጣ ከሆነ ግን ማዳበሪያ መጨመር በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ፒኤቹ ለአፈር ከ6 እስከ 6.8 ካለው ክልል ርቆ ከወጣ፣ ምግቡ እያለ ተክሉ ሊበላው አይችልም። ትላልቅ እርሻዎች ደግሞ ቅጠሉን ራሱን ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ።

የኢትዮጵያ ግብርና ለብዙ አሥርት ዓመታት በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል አንድ ምክር ለሁሉም ማሳ ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ወረዳዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድሉ አሳየ። ሁለቱ ከረጢቶች ያልያዙት ነገር የታየው አፈሩ ሲለካ ነው። ካናቢስ አብቃዩ ከዚያ ገበሬ እጅግ የተሻለ አቅም አለው። መብራቱን በደቂቃ ይቆጣጠራል፣ የአየሩን እርጥበት ይለካል። ሥሩ ጋ ሲደርስ ግን በወሬ ይመራል።

ለ«ያለ ነገር ነው» ባዮች ግን አንድ ሐቅ መተው አይገባም። የታችኞቹ ቅጠሎች ሁሉ በበሽታ ወይም በረሃብ አይገረጡም። የላይኛው ጥላ ሲጠጋጋ ብርሃን የማይደርሳቸው የውስጥ ቅጠሎች ከሚሠሩት በላይ ስለሚበሉ ተክሉ ራሱ ይጥላቸዋል። ጥቂት ከሆኑ፣ ከጥላው ውስጥ ብቻ ከሆኑና ዝግ ብለው ከሄዱ የሚያሳስብ ነገር የለም። በእስራኤል በቮልካኒ ተቋም ኒሪት በርንስታይንና አቪያ ሳሎነር ያደረጉት ሥራም ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ናይትሮጅን በበዛ መጠን በአበባው ውስጥ የካናቢኖይድ ክምችት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህን የሰማ ሰው «ማስራብ ይሻላል» ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያው ሥራ ምርቱ ከፍ ያለው በሊትር 160 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ሲሰጥ ነው፤ በ30 ሚሊ ግራም የተራበው ተክል አበባው ራሱ አነስተኛ ነበር። ናይትሮጅን ማብዛት ጥፋት ነው፤ በአበባ መጀመሪያ መቁረጥም ጥፋት ነው። በአጨዳ ዋዜማ፣ በስምንተኛው ሳምንት የሚመጣ ቢጫና በሦስተኛው ሳምንት የሚመጣ ቢጫ አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም፤ የመጀመሪያው ሥራውን የጨረሰ ቅጠል ነው፣ ሁለተኛው ገና ለአምስትና ለስድስት ሳምንት አበባውን መመገብ የነበረበት ነው።

የገረጣ ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ብዙዎች ግን ማዳበሪያ ሰጥተው በማግሥቱ ያንኑ ቅጠል ያያሉ፣ አልተለወጠም ብለው ሌላ ጠርሙስ ይጨምራሉ፣ በሳምንት ውስጥ አራት ነገር አፍስሰው የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ መለየት ያቅታቸዋል። መታየት ያለበት ከገረጣው በላይ ያለው፣ ገና አረንጓዴ የሆነው ጥንድ ቅጠል ነው። ግንዱ ላይ ክር አስሮ ምልክት ማድረግ፣ የሥሩን ፈሳሽ መለካት፣ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ከአምስት እስከ ሰባት ቀን መጠበቅ። ቢጫው ክሩን አልፎ ካልወጣ፣ የተለወጠው ነገር ትክክል ነበር።