«ራዲያተሩን ብታሳጥቡት ይበቃል» ሲሏችሁ

ሦስት ጓደኛሞች ደብዳቤ ጽፈውልኛል። የእቁብ ብራቸውን አንድ ላይ አድርገው ያገለገለ የናፍጣ ሃይ-ኤስ ሊገዙ ነው። ለሙከራ ሲነዱት እንጦጦ ዳገት ላይ አፈላባቸው። ደላላው ታዲያ «ምንም አይደል፣ ራዲያተሩን ብታሳጥቡት ይበቃል» አላቸው። «እንመነው ወይስ እንተወው?» ነው ጥያቄያቸው።

እኔ ደላላውን ዋሸ አልልም። ዕድሜውን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር በእርግጥም ይደፈናል። ግን ሞተር የሚያፈላበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ወጪውም ከአንዲት ክዳን ተነስቶ ሞተር እስከ ማውረድ ይደርሳል። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ሌላው በቀላሉ ይሠራል። በአሮጌ ሃይ-ኤሶች ላይ ያለው 2ኤል ሞተር ደግሞ ሲግል ቴስታታው በመሰንጠቅ ስሙ የወጣ ነው።

ባለቤቱን «ነገ ጠዋት እስክንመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳ» በሉት። በጠዋት ሂዱና መጀመሪያ ራዲያተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ካለ ቀድሟችሁ አስነስቶታል፤ ሌላ ቀን ቅጠሩት። (የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊት ይልጣል፣ በዚህ ቀልድ የለም።) ከቀዘቀዘ ክዳኑን ክፈቱ። አድሮም ፍስስ ብሎ ከተነፈሰ መጥፎ ምልክት ነው። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፎ እንደሆነ እዩ። የዘይት መለኪያውንም ምዘዙት፤ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከመጣ መኪናውን ደህና ሁን በሉት።

አሁን ውሃውን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን ሳትገጥሙ አስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አየር መውጣቱ ያለ ነው። አረፋው አላቋርጥ ካለና ነዳጅ ስትሰጡት ውሃው ከገነፈለ ግን ከሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ እየገባ ነው። ናፍጣ ሞተር አየሩን በኃይል ጨምቆ ነው የሚያነደው፤ ለእንዲህ ያለ ግፊት ትንሽ ቀዳዳ ትበቃዋለች። ከዚያ ክዳኑን ግጠሙና የላይኛውን ማኒኮቶ ጨብጡ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ነገሩ ያው ነው።

የጠዋት ነጭ ጭስ ብቻውን አያስደንግጣችሁ። አሮጌ ናፍጣ በብርድ ሲነሳ ያጨሳል፤ ዓይንም ይቆጠቁጣል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ነጩ ካላቆመ፣ ዓይንም ካልቆጠቆጠ፣ የሚነደው ውሃ ነው።

ይህን ሁሉ ካለፈ የደላላው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ብቻ የሚግል ከሆነ ቬንትሌተሩንና ቺንጋውን ፈትሹ። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ራዲያተሩን ጠርጥሩ። ክዳኑን ግን ማንም አይጠረጥረውም! አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ደህና ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ያለው መኪና ታዲያ ሌላ ምንም ሳይጎድለው ያፈላል። ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ የላይኛው ማኒኮቶ ቀስ በቀስ ከሞቀ ቴርሞስታቱን አውጥተው ጥለውታል ማለት ነው። ደህና ቴርሞስታት ቢኖር ማኒኮቶው ቆይቶ ነው ድንገት የሚሞቀው። አንዳንድ ጋራዦች ይህንን እንደ መድኃኒት ይቆጥሩታል። መድኃኒት አይደለም፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እየሠራ ናፍጣ ይፈጃል፣ በብዙ ሞተሮች ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል። ዳገት ላይ የሚያፈላውም አንዳንዴ በዚሁ ነው። የሙቀት ጌጁንም አትመኑ፦ ገመዱ ሊነቀል ይችላል፣ ውሃው ካለቀ ደግሞ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል።

ምልክቶቹን አይታችሁም መኪናውን ከወደዳችሁት ከዋጋው ላይ የጓርኒሲዮኑን ብቻ አታስቀንሱ። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መግባት፣ ጠፍጣፋነቱም ስንጥቁም መታየት አለበት። ሳያወርድ «ስንጥቅ የለውም» ብሎ የሚምል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።