አስቀድሞ ከቤት ይፈለግ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ሁሉን ነገር ራሱ አይጽፍም። ፊደልን በስክሪን ላይ የሚሥለውን ፍሪታይፕን፣ መዝገብ የሚይዘውን ኤስኪውላይትን፣ ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰውን ዚሊብን ሌሎች ጽፈው በነጻ ሰጥተውናል። እነዚህ ላይብረሪ ይባላሉ፤ ወላጆቻችን ግን ስሙን ሰምተው መጻሕፍት የተደረደሩበት ክፍል እንዳይመስላቸው እለምናለሁ። ጽሑፋችን ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ ተለውጦ ከእነዚህ ጋር እንዲገናኝ ሥራውን የሚያሰናዳው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ከዚህም ዓይነት አንዱ በ2000 እ.ኤ.አ. ኪትዌር በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የተጀመረው ሲሜክ ነው። እኔ የምከራከረው ይህ መሣሪያ ላይብረሪውን የት ይፈልግ በሚለው ነገር ላይ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ላይብረሪው በራሳቸው ኮምፒዩተር የተቀመጠበትን አድራሻ እንዳለ ይጽፋሉ። ይህ ለጸሐፊው ብቻ ይሠራል፤ በሌላው ተማሪ ኮምፒዩተር ላይ ያ ማኅደር የለምና ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

የሚያከራክረው ሁለተኛው ልማድ ነው። ይኸውም ፌች ኮንቴንት በተባለው ትእዛዝ ሁሉን ነገር በቀጥታ ከኢንተርኔት ማስመጣት ነው። ደጋፊዎቹ ሁላችንም አንድ ዓይነት እትም እናገኛለን፣ አሮጌ ነገርም አይገባብንም ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን በጉቴ ተቀምጦ ይህን የሚል ሰው 2012 ዓ.ም.ን የረሳ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ከገና ሰሞን አንሥቶ እስከ መጋቢት መገባደጃ ድረስ በወለጋ ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ተዘግቶ ነበር፤ ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ኢንተርኔት በመላው አገር ተቋረጠ። ለመሆኑ ጨው በጓዳው እያለ ዕቃውን ከፍቶ ሳያይ ነቀምት ለመሄድ መኪና የሚሳፈር ማን ነው?

ለእትሙ ጉዳይም መልስ አለ። ፋይንድ ፓኬጅ የተባለው ትእዛዝ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በታወቁት ቦታዎች ይፈልጋል፤ የእትሙን ቁጥር ከጻፍንለት የማይስማማውን ትቶ ያልፋል። ላይብረሪው ባልተለመደ ቦታ ቢቀመጥም፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሲሜክ ፕሪፊክስ ፓዝ በሚባለው መጠሪያ ቦታውን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይነግረዋል እንጂ በጋራው ፋይል ውስጥ አይጽፈውም። እንዲያውም በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ3.24ኛው እትም ወዲህ ሁለቱን ትእዛዞች ማስማማት ቀላል ሆኗል፤ መጀመሪያ ከቤት ይፈለጋል፣ ከታጣ ብቻ ከውጭ ይመጣል።

ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ቀን የሦስቱ ላይብረሪዎች ምንጭ ከነስማቸውና ከነእትም ቁጥራቸው በአንድ ዲስክ ተቀድቶ በኮምፒዩተር ክፍል እንዲቀመጥ መምህሮቻችንን እጠይቃለሁ። ፌች ኮንቴንትም ቢሆን ምንጩን ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚያ ዲስክ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። ዲስክ ከጠፋ ፍላሽም ይበቃል። ጠባቂ ካስፈለገ ከ11ኛ ክፍል ሁለት ተማሪዎች ቢመረጡ መልካም ነው፤ እኛ የ12ኛ ክፍሎች በሰኔ እንሄዳለንና።