ልዩ ፈቃድም ደንብ ያስፈልገዋል

የገጠር ልማት ከመንገድ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል ብዙ ተብሏል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወቅቱ ሳያልፍ ከማሳ የሚደርሰው፣ እህሉና ቡናው ከጎተራ ወጥቶ ገበያ የሚያየው፣ ምጥ የጠናባት እናት ከጤና ጣቢያ የምትደርሰው በመንገድ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ወዲህ በየዘመኑ የተሠሩት አውራ ጎዳናዎችም ሆኑ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ከዋናው መንገድ ጋር ለማገናኘት የተካሄደው የገጠር መንገድ ሥራ ዓላማቸው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ስለ መሥራት የተነገረውን ያህል፣ ከተሠራው መንገድ ላይ ማን፣ በየት በኩልና በምን ሁኔታ ይግባ ስለሚለው ጉዳይ የተነገረው ጥቂት ነው።

ጉዳዩ ለተመልካች ቀላል መስሎ ይታያል። ወፍጮ ቤት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ የከብት ማድለቢያ፣ የነዳጅ ማደያ፣ ገበሬው ጋሪውን የሚያሻግርበት ጠባብ መተላለፊያ ሳይቀር፣ ሁሉም ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኝ መግቢያ ይፈልጋል። ከከተማ ወጣ ብሎ በአውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት ግን መግቢያዎቹ ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚወጡ ለመገንዘብ አይቸገርም። የጎርፍ መውረጃው ቦይ በድንጋይና በአፈር ይሞላል፤ ገረጋንቲ ይደፋበታል፤ በማግሥቱ የጭነት መኪና ያልፍበታል። ክረምት ሲገባ መውረጃ ያጣው ጎርፍ አስፋልቱ ላይ ይወጣል፤ የመንገዱን ጠርዝ ይሸረሽራል፤ ከዚያም አልፎ በታች በኩል ያለውን የጎረቤት ማሳ ጠርጎ ይሄዳል።

ጎርፉ ከሚያደርሰው ጥፋት የከፋው ግን በሰው ሕይወት ላይ የሚደርሰው ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን ነገር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው ጊዜ ሲታሰብ፣ በሜዳ መንገድ ላይ በደኅና ለመቆም 130 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 100 ኪሎ ሜትር ሲሆን ርቀቱ ወደ 185 ሜትር ይደርሳል። በቁልቁለት ላይ፣ በተለይም ከባድ ጭነት ለያዘ መኪና፣ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ መግቢያው ከኩርባ ጀርባ ወይም ከጉብታ ማዶ ከወጣ፣ ሹፌሩ ጥፋት ባይኖርበትም መኪናውን ሊያቆመው አይችልም።

ከመግቢያው ወጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፈውም እንዲሁ ጊዜ ያስፈልገዋል። የመንገድ መሐንዲሶች በስሌታቸው ለአንዲት አነስተኛ መኪና 7 ሰከንድ ተኩል፣ ለባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ደግሞ 11 ሰከንድ ተኩል ያህል ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣው መኪና 255 ሜትር ያህል ተጉዟል ማለት ነው። እህል የጫነ ተሳቢ ከመጋዘን ሲወጣ 100 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ከመንገዱ መሐል ሳይደርስ ሌላው ይደርስበታል። በአህያ ለሚያስጭን ገበሬና ከትምህርት ቤት ለሚመለስ ሕፃን ደግሞ ስሌቱ ከዚህም የጠበቀ ነው።

የመግቢያ ደረጃ የሚባለው ነገር የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከኩርባና ከጉብታ ይራቅ፤ ከመገንጠያ ይራቅ፤ በሁለት መግቢያዎች መካከል በቂ ርቀት ይኑር፤ በቦዩ ላይ ቱቦ ይቀበር፤ የግቢው በር መኪና ቆሞ እስኪከፈትለት አስፋልቱን እንዳይዘጋ ወደ ውስጥ ገባ ይበል የሚሉት ሁሉ የቢሮ ሰዎች ገበሬውን ለማስቸገር የፈጠሯቸው አይደሉም። እያንዳንዳቸው አንድ አደጋ ለመከላከል የተቀመጡ ናቸው።

ይሁንና ደረጃ የሚጻፈው ለአብዛኛው ቦታ ነው። የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ደግሞ ለአብዛኛው የተጻፈውን በየጊዜው የሚፈትን ነው። መንገዱ በዓባይ በረሃ ሲወርድና ሲወጣ፣ በጣርማ በር ተራራውን ሲታከክ፣ በሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ሲሄድ፣ ደረጃው የሚጠይቀውን ርቀት የሚያሟላ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ዳገት ባለበት ቦታ ይዞታው በሙሉ ከኩርባ አጠገብ የሆነ ገበሬ ይኖራል። ከጥንት ጀምሮ ከሚያርሰው መሬት ላይ መንገዱ መጥቶበት እንጂ እርሱ ወደ መንገዱ ሄዶ አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው «ደረጃውን አላሟላህምና መግቢያ የለህም» ማለት ምርትህ ከማሳህ አይውጣ ማለት ይሆናል። ለዚህ ሲባል ልዩ ፈቃድ አስፈላጊ ነው። ጥያቄው ይሰጥ ወይስ አይሰጥ አይደለም፤ በምን መመዘኛ ይሰጥ የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁሉንም መከልከል ነው። የተከለከለው ሰው ችግሩ አብሮት ስለሚያድር ቦዩን በሌሊት ይደለድላል፤ ቱቦ የለ፣ ምልክት የለ፣ ተመልካች የለ፣ ከነአደጋው ይቀጥላል። በዚህ መልክ የሚጎዳው ሕግ አክብሮ የጠየቀው ሲሆን የሚጠቀመው ሳይጠይቅ የሠራው ነው። ሁለተኛው ስህተት ልዩ ፈቃድን ለባለሥልጣኑ በጎ ፈቃድ ብቻ መተው ነው። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» እንዲሉ፣ መመዘኛው ባልተጻፈበት ቦታ ዘመድ ወይም ገንዘብ ያለው ማደያውን ከኩርባ ላይ ይተክላል፤ ሰው የሌለው ገበሬ ግን ለአንዲት የጋሪ መተላለፊያ ወራት ይመላለሳል።

ይህን ችግር ሌሎችም አይተውታል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ሰፊ የእርሻና የከብት እርባታ አካባቢ ያለው፣ ተራራማም የሆነ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ መሠረት በ1981 የአውራ ጎዳና መግቢያዎችን የሚመለከት ዝርዝር ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ በ1998 እንደገና ተሻሽሏል። የደንቡ መነሻ ሐሳብ፣ ባለይዞታ ወደ አጠቃላዩ መንገድ የሚያደርሰው ተገቢ መግቢያ የማግኘት መብት አለው፤ ይህ ማለት ግን በፈለገው ቦታ በቀጥታ ከአውራ ጎዳናው ላይ ይወጣል ማለት አይደለም የሚል ነው። መንገዶቹ እንደ አገልግሎታቸው በምድብ ተከፍለዋል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገለግል የእርሻ ማሳ መግቢያም እንደ ነጋዴ መግቢያ አይታይም።

ደረጃውን ለማያሟላ አመልካች ደንቡ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። ሁለት ነገሮች አብረው እንዲረጋገጡ ግን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ደረጃው እንዳለ ቢፈጸም በአመልካቹ ላይ ከተለመደው ያለፈ ከባድ ችግር የሚያደርስ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ልዩ ፈቃዱ ቢሰጥ የሕዝብን ደኅንነት የማይጎዳ መሆኑ ነው። አንዱ ብቻ አይበቃም። ማመልከቻ በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ ሊሰጠው ይገባል። መግቢያው የሚያስተናግደው መኪና ብዛት በ20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ደግሞ ባለይዞታው አዲስ ፈቃድ እንዲጠይቅ ይገደዳል።

የኮሎራዶ ሁኔታ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ አገር በመንገዱ ላይ የሚሄደው በአብዛኛው መኪና ሲሆን፣ እዚህ ግን እግረኛው፣ ከብቱ፣ ጋሪውና ባጃጁ ከተሳቢው ጋር በአንድ አስፋልት ላይ ይጓዛሉ። ሆኖም የደንቡ አስተሳሰብ ለየትኛውም አገር ይሠራል። የፌዴራል አውራ ጎዳናዎችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም ሆነ የየክልሉ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ልዩ ፈቃድ ሲሰጡ ሊከተሉት የሚገባው መመዘኛ ገበሬው በቀበሌው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል።

የመጀመሪያው መመዘኛ የችግሩ ምንጭ ነው። ችግሩን የፈጠረው የመሬቱ አቀማመጥ ወይም የመንገዱ ሥራ ከሆነ አመልካቹ ሊታገዝ ይገባዋል። ነገር ግን ሰፊ ይዞታውን ቆራርሶ ለየክፍሉ መግቢያ የሚጠይቅ፣ ወይም መጋዘኑን አስቀድሞ ከኩርባ ላይ ሠርቶ «እንግዲህ ምን ይደረግ» የሚል ሰው ችግሩን ራሱ ፈጥሮታል። ወጪ መጨመሩ ብቻም ችግር ሊባል አይችልም። ከኋላ በኩል የቀበሌ መንገድ እያለ፣ ዙሪያው 300 ሜትር ስለሚረዝም ብቻ በቀጥታ ከአስፋልቱ ልውጣ ማለት ልዩ ፈቃድ የሚያሰጥ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው መመዘኛ ደኅንነት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሳይሆን በቦታው ሊለካ ይገባል። ሥራው የተራቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ የሠለጠነ ቴክኒሺያን ሜትርና የሰዓት መቁጠሪያ ይዞ፣ ከሹፌር ዓይን ከፍታ ላይ ሆኖ በሁለቱም በኩል ምን ያህል እንደሚታይ ሊያውቅ ይችላል። ልኬታውም በገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ ማክሰኞ ባዶ የነበረ መንገድ ቅዳሜ በሰውና በከብት ይሞላልና። ርቀቱ ከሚገባው በእጅጉ ካነሰ ማንም ይጠይቅ ማን መልሱ አይቻልም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የበቃውን የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ በመሰለ፣ ታጥሮ በተወሰኑ በሮች ብቻ በሚገባበት ጎዳና ላይ ደግሞ የግል መግቢያ ልዩ ፈቃድ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም።

ሦስተኛው፣ ልዩ ፈቃድ ያለ ግዴታ መሰጠት የለበትም። ደረጃው የሚጠብቀውን ነገር በሌላ መንገድ መተካት ያስፈልጋል። ርቀቱ ጥቂት ቢያንስ ግራ መታጠፍ ይከልከልና ተሳቢው ቀኙን ይዞ ሄዶ ሰፊ ቦታ ላይ ይመለስ፤ ዓይን የሚከልለው ቁጥቋጦ ይመንጠር፤ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኘው ክፍል ጭቃ እንዳያወጣ ይነጠፍ፤ ቱቦው ከክረምት በፊት ይጸዳ። ጎረቤታሞች ሦስት መግቢያ ከሚጠይቁ በአንድ እንዲገለገሉ ማድረግም ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው። በደቦ የሚያርስና የሚያጭድ ሕዝብ አንድ መግቢያ በጋራ ማውጣትና ቱቦ ማጽዳት አያቅተውም። ይሁንና የጋራ መሆኑ በስምምነት ሰነድ ካልተያዘ ነገ አንዱ በሩን ቆልፎ ሌላውን እንዳያስቀር ያሰጋል።

አራተኛው፣ ፈቃዱ ጊዜና ልክ ይኑረው። ለጋሪ የተፈቀደ መተላለፊያ ከሁለት ዓመት በኋላ የአሸዋ መኪና መመላለሻ ሆኖ መገኘት የለበትም። አጠቃቀሙ ሲለወጥ ፈቃዱም እንደገና ይታይ። በጀርባ በኩል የቀበሌ መንገድ ሲሠራ ደግሞ ከአስፋልቱ ጋር የሚያገናኘው መግቢያ እንደሚዘጋ ከመጀመሪያው ይጻፍ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና፣ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ግዴታ ነገ ማንንም አያስገድድም።

አምስተኛውና ምናልባትም ዋነኛው፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ ይሰጥ። የተከለከለው ለምን እንደ ተከለከለ ይወቅ፤ ቅር ካለው የሚያቀርብበት ቦታ ይኑረው። የተፈቀደለትም በምን ምክንያት እንደ ተፈቀደለት በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው ሲከለከል ልዩነቱ ምን እንደሆነ ማንም ሰው አንብቦ ሊረዳ ይገባል። ከዚህ የበለጠ የአድልዎ መከላከያ የለም።

ይህ ሁሉ ለድሃው ገበሬ አይከብድም ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአንዲት የጋሪ መተላለፊያ መሐንዲስ ቀጥረህ ጥናት አምጣ ቢባል ደንቡ ራሱ ግፍ ይሆናል። ስለዚህ ክፍያውና የሚጠየቀው ማስረጃ እንደ መግቢያው አገልግሎት ሊለያይ ይገባል። ለማሳ መግቢያ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ይለካ፤ ለማደያ፣ ለትልቅ መጋዘንና ለፋብሪካ ግን ባለንብረቱ በራሱ ወጪ ያስጠና። ከመንገዱ ብዙ የሚያተርፍ ለመንገዱ ደኅንነት ብዙ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው።

የወረዳ መሬት አስተዳደር ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። በመንገድ ዳር ቦታ ለመጋዘን ወይም ለወፍጮ ቤት ሲመራ መግቢያው አስቀድሞ ካልታየ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ዘግይቶ የሚገጥመው ያለቀ ግንብ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም መሠረት ከመጣላቸው በፊት መግቢያቸውን ቢያስለኩ ከብዙ ኪሳራ ይድናሉ።

መንገድ የሕዝብ ሀብት ነው። ገበሬው በመንገዱ የመጠቀም መብት አለው፤ በመንገዱ የሚያልፈውም በሰላም ከቤቱ የመግባት መብት አለው። ሁለቱን መብቶች የሚያስታርቀው በዕለቱ የተገኘው ሹም በጎነት ወይም ክፋት ሊሆን አይገባም። ለሁሉም እኩል የሚሠራ የተጻፈ ደንብ ሊሆን ይገባል። የሚመለከታቸው ክፍሎች ክረምቱ ገብቶ ቦዮቹ ከመሙላታቸው፣ ቀጥሎም መኸሩ ተሰብስቦ ተሳቢዎቹ በየመጋዘኑ ደጅ ከመሰለፋቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል።