መጀመሪያ እግራችን ይለካ

የአዊ ሰው ስለ ፈረስ መካሪ አይፈልግም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር እርካቡ ከእግሩ ጋር ያልተስማማ ፈረሰኛ ቢገኝ፣ ከተመልካቹ መሀል "አሳጥረው!" የሚለው አይጠፋም።

ብስክሌት ላይ ስንወጣ ግን ይህን ሁሉ እንረሳዋለን። መቀመጫው ስንገዛው በነበረበት ከፍታ ይቀራል፤ እኛ ጉልበታችንን አጥፈን ወይም በጣታችን ተንጠራርተን እንነዳለን። ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ያንን አቀበት ዝቅ ባለ መቀመጫ የሚወጣ ሰው ሸክሙ የጉልበቱ ፊት ላይ ያርፋል። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ዳሌ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የጉልበት ኋላ ይታመማል።

ልኩን ማወቅ ሜትር ብቻ ይፈልጋል። ጫማ አውልቆ ከብሽሽት እስከ መሬት መለካት፣ በ0.883 ማባዛት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሀል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ነው። ከዚያ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሞከር ነው።

ችግሩ የሚብሰው ብስክሌቱ ከውጭ የመጣ፣ መቀመጫው በካርቦን ዘንግ የቆመ ሲሆን ነው። ለረጅም ፈረንጅ የተሠራ ዘንግ የውሃ ኮዳው ብሎን ጋ ደርሶ አልወርድም ይላል። ያኔ "ቁረጠው!" ይባላል። እኛ የምንለው ግን አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው።

የሚቆረጠው ከታች ነው። ዘንጉ ላይ "ከዚህ በላይ አታውጣ" የሚል መስመር አለ፤ የሚቆጠረውም ከታችኛው ጫፍ ነው። መስመሩ ከጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና 3 ቢቆረጥ፣ አሮጌውን መስመር ያመነ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ገብቶ ይነዳል። ስለዚህ ቆራጩ 8 ሴንቲ ሜትሩን ከአዲሱ ጫፍ ቆጥሮ አዲስ መስመር ያስምር። ቦታውን በፕላስተር ይጠቅልል፣ ጥርሱ በደቃቁ የሆነ መጋዝ ይያዝ፣ ውሃ ያርከፍክፍ፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።

ሲገጠም ግራሶ አይቀባም፤ ለካርቦን የተሠራ ሻካራ ቅባት አለ። ብሎኑም የሚጠብቀው በተጻፈለት ልክ እንጂ በክንድ ጉልበት አይደለም። ብረት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ሳይጎብጥ በድንገት ሊሰበር ይችላል፤ ያውም ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል።

ብስክሌት የምትሸጡ፣ የምታከራዩና የምትጠግኑ ወዳጆቻችን፣ ከመፍቻው ጎን አንድ ሜትር አስቀምጡ። እኛ ነጂዎችም ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት "ልኬን እየኝ" እንበል።