ኖቤሉን «ኤአይ» አልወሰደውም

እስቲ ዛሬ ትንሽ ልናደድ። ከ2024ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ወዲህ ፌስቡክ ሰፈር የሚዞር ወሬ አለ፦ ማሽን በራሱ ጊዜ በተፈጥሮ የሌለ ፕሮቲን ፈጠረ፣ ላብራቶሪ ድሮ ቀረ፣ ልጆቻችሁን ከኬሚስትሪ አውጥታችሁ ኮድ አስተምሩ። ሼር ሲደረግ ውሎ ያድራል።

ኧረ ወገን! ሽልማቱ እኮ ለሁለት ነው የተከፈለው። ግማሹ የፕሮቲንን ቅርጽ ለተነበዩት ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ሄደ። ሌላውን ግማሽ ብቻውን የወሰደው ዴቪድ ቤከር ነው፤ የተሸለመውም አዲስ ፕሮቲን በመንደፍ ነው። ቶፕ7 የሚባለው ሥራቸው የወጣው በ2003 ነው። 93 አሚኖ አሲድ፣ ቅርጹ ተፈጥሮ ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ። በ2003 አልፋፎልድ የት ነበር? ገና አልተወለደም! ቶፕ7 የተነደፈው ሮዜታ በተባለ ፕሮግራም ነው። እሱ ደግሞ የቆመው አተሞች ሲሳሳቡና ሲገፋፉ በሚያሰላ ፊዚክስና ከታወቁ ፕሮቲኖች በተለቀመ መረጃ ላይ ነው።

ደሞ የሚገርመኝ፣ በዚያ ሁሉ ፖስት ውስጥ «ውሃ» የሚል ቃል የለም። ነገሩ ያለው እዚያ ሆኖ! ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ከ20ዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ ይወዳሉ፣ አንዳንዶቹ እንደ ዘይት ውሃን ይሸሻሉ። ሰንሰለቱ ውሃ ውስጥ ሲሆን ዘይታሞቹ ወደ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ውሃ ወዳዶቹ ውጪ ይቀራሉ፤ ፕሮቲኑን በዋናነት የሚያጣጥፈው ይሄ ነው። ዘይታም ነገር ውጪ ላይ ከበዛ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ይረጋሉ። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ ምን እንደሚሆን ታውቁ የለ? እሱን አስቡት።

የሴል ሽፋን ውስጥ የሚኖሩት ፕሮቲኖች ደግሞ ባሰባቸው። ቤታቸው ቅባት ስለሆነ ውጪያቸው ራሱ ዘይታም ነው። ብዙ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት እነሱ ላይ ነው፤ ግን ከቅባቱ አውጥቶ ለማጥናት ሳሙና መሰል ኬሚካል ይፈልጋሉ፣ ያስለቅሳሉ። በ2024 ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ያሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ቅርጽ ይዘው በውሃ የሚሟሙ አምሳያዎችን ነድፈው ኔቸር ላይ አሳተሙ። አዎ፣ በኤአይ ነው፤ ማን ካደ? ግን ፕሮቲንኤምፒኤንኤን የተባለውን ፕሮግራም በሚሟሙ ፕሮቲኖች ብቻ እንደገና ማሠልጠን ነበረባቸው፤ አለዚያ የሽፋን ፕሮቲን ቅርጽ ሲያይ ያንኑ ዘይታም ገጽ መልሶ ይሰጣቸዋል። ይህን ማን አወቀ? ኬሚስትሪ የገባው ሰው! የሚሟሟ መሆኑን ያረጋገጡትም ሠርተው ውሃ ውስጥ ከተው በማየት ነው።

ማሽኑስ ከየት ተማረ? ከፕሮቲን ዳታ ባንክ። ከ1971 ጀምሮ የተጠራቀመ፣ ከ200,000 በላይ ቅርጽ። አብዛኛውን አንድ ሰው ላብራቶሪ ውስጥ ተደፍቶ፣ ክሪስታል አሳድጎ፣ ኤክስሬይ አሳርፎበት ያገኘው ነው። አንዱን ቅርጽ ለማውጣት ዓመታት የፈጀባቸው አሉ። ያን ሁሉ ለዓለም በነጻ አስቀመጡት። ይህን ድካም «ድሮ ቀረ» ብሎ መጣል ነውር ነው።

ወደኛ ልምጣ። ፕሮግራሞቹ ነጻ ናቸው፤ ባሕር ዳር ወይ ጅማ ያለ ተማሪ ኢንተርኔት ካገኘ ዛሬ ማታ አንድ ፕሮቲን ሊነድፍ ይችላል። ማታ የነደፈውን ጠዋት የት ይሞክረው? ጂኑን አሠርቶ፣ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ፣ አሳድጎ፣ አጣርቶ፣ ተሟሟ ወይስ ረጋ ብሎ ማየት አለበት። ኮምፒውተሩ ይሟሟል ያለው ሁሉ አይሟሟም። የጎደለን የኤአይ ባነርና ሪባን መቁረጥ አይደለም፤ ሴንትሪፊዩጅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ የሚሠራ ፍሪዘርና እጁ ፒፔት የለመደ ልጅ ነው። እናንተ ደግሞ ያንኑ ልጅ «ኬሚስትሪውን ተወው» እያላችሁት ነው።