«የለም» ያለው ማነው?

ልጅ ሆኖ ሱቅ ያልተላከ ከመካከላችን የለም። «ስኳር አለ ወይ ብለህ ጠይቀህ ና» ይባላል። ልጁ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ኳስ ያገኛል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ቤቱ ይመለስና «የለም» ይላል። እናት ምን ታድርግ? ቡናዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች። ስኳሩ አልቆ ይሁን፣ ሱቁ ተዘግቶ ይሁን፣ ወይስ ልጁ ጭራሽ ሱቁ ደጃፍ ሳይደርስ ቀርቶ ይሁን፣ «የለም» የምትለው መልስ አትናገርም።

ዛሬ ግን ልናወራ የፈለግነው ስለ ስኳር ሳይሆን ስለ ሶፍትዌር ነው። የኮምፒውተር ነገር የማይጥማችሁ ወዳጆቻችን ጥቂት ታገሱን፤ እኛም ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን እንጂ ፕሮግራመሮች አይደለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጻፈ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ አለበት፤ ባለሙያዎቹ «ቢልድ» ይሉታል። ኮምፒውተሮች ደግሞ ሁሉም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቢልድ ሥርዓቱ ማሽኑን ራሱ ይፈትሻል። ዘዴው ቀላል ነው። ጥቂት መስመር ያላት የሙከራ ፕሮግራም ያዘጋጅና ለኮምፓይለር ይሰጣል። ኮምፓይለሩ ከተቀበላት «አለ»፣ ካልተቀበላት «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። በ1991 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማኬንዚ የጀመረው አውቶኮንፍም፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሲሜክም በዚሁ መንገድ ይፈትሻሉ። ይህ ባይኖር እያንዳንዱ ሰው ለየማሽኑ በእጁ ሲያስተካክል ይኖር ነበር። ስለዚህ «አውቶማቲክ ፍተሻ ይጨመር» የሚሉትን እንደግፋለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፍተሻውን ማን ይፈትሸው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ኤክስዚ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ሊኑክስ በሚሠራባቸው እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት የተሸከመው ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ያለ ክፍያ። በ2021 እ.ኤ.አ. «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ሊያግዝ ብቅ አለ፤ ቀስ በቀስም ታመነ። በፌብሩዋሪ 2024 (የካቲት 2016 ዓ.ም.) ይኸው ሰው የላንድሎክን ፍተሻ ያስተካክላል የተባለ ለውጥ አስገባ። ላንድሎክ አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ፋይሎች መንካት እንደሚችል የሚገድብ የሊኑክስ ጥበቃ ነው።

በዚያች የሙከራ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ነጥብ ነበረች። ብቻዋን የቆመች አንዲት ነጥብ! በሲ ቋንቋ ሕግ እዚያ ቦታ መቆም አትችልም፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ ፕሮግራሟን በየትኛውም ማሽን ላይ አይቀበላትም። ማሽኑ ላንድሎክ ኖረውም አልኖረውም መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። ቢልዱ ግን አይቆምም፤ ጥበቃውን ትቶ በሰላም ይጠናቀቃል። ልጁ ኳሱን ተጫውቶ ተመለሰ ማለት ይኼ ነው።

እውነቱን ለመናገር ነጥቧ በሲሜክ በኩል ባለው ፍተሻ ብቻ ነበረች፤ ዋናው ተንኮል ሌላ ነው። በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ ወደ ሰርቨር የሚያስገባ የጓሮ በር ተቀብሮ ነበር። የት ቢቀበር ጥሩ ነው? «የሙከራ ፋይል» ተብለው በገቡ ፋይሎች ውስጥ! ማርች 29፣ 2024 (መጋቢት 20፣ 2016 ዓ.ም.) ጉዱን ይፋ ያደረገው የማይክሮሶፍት ባልደረባው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው። ወደ ማሽን መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ገርሞት ሲቆፍር ደረሰበት። ነጥቧን ደግሞ በማግስቱ ላሴ ኮሊን አገኛትና አወጣት። ልብ በሉ፤ ሁለቱንም የያዛቸው ማሽን ሳይሆን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

በጋዜጠኝነት ትምህርት ገና ሲጀመር የምንማረው ነገር አለ። ባለሥልጣኑ ስልክ ካላነሳ «ስልክ አላነሱም» ብለህ ትጽፋለህ እንጂ «አስተባበሉ» አትልም። ሁለቱን ያምታታ ዘጋቢ አዘጋጁ ፊት ይቀጣዋል። የቢልድ ፍተሻ ግን ይህን ስህተት በየቀኑ ይሠራል። «ጠይቄ የለም ተባልኩ» እና «መጠየቅ አቃተኝ» እሱ ዘንድ አንድ ናቸው።

«ዝምታው እኮ ሆን ተብሎ ነው፤ ፕሮግራሙ አሮጌ ማሽን ላይም እንዲሠራ ነው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። አሮጌ ላፕቶፕ እያስታመምን የምንኖር እኛ ይህን ቸርነት አንጠላም። ግን የቀለም ማሳመሪያ መጉደልና የበር ቁልፍ መጉደል እኩል ናቸው እንዴ? ጥበቃ ሲጎድል ቢልዱ ቆሞ መናገር አለበት። ያለ ጥበቃ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ካለ አውቆ፣ ፈቅዶ፣ በገዛ እጁ ያዝዝ።

ሁለተኛም፣ አዲስ ፍተሻ የሚጨምር ሁሉ ሁለት ቦታ ይሞክረው፤ ነገሩ እንዳለ በሚታወቅበት ማሽንና እንደሌለ በሚታወቅበት ማሽን ላይ። በመጀመሪያው «አለ»፣ በሁለተኛው «የለም» ካላለ ፍተሻው ራሱ ታሟል። ኮዱ በተነካ ቁጥር ይህ ሙከራ በራሱ ይደገም። ያቺ ነጥብ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢገጥማት ኖሮ አንድ ቀን ባላደረች ነበር።

ሥራ ያበዛል? አዎ፣ ያበዛል። ግን ሸክሙን ያለ ክፍያ ለሚሠራ ለአንድ ሰው ትከሻ ትተን እኛ በነፃ እያወረድን መኖራችንም ፍትሕ አይደለም። ኮድ የምትጽፉ ጓደኞቻችን፣ ነገ ቢልዱ «አለፈ» ሲላችሁ ወደ ማኪያቶ ከመሮጣችሁ በፊት የፍተሻውን መዝገብ ክፈቱና «የለም» የሚሉትን መስመሮች አንብቡ። ለእያንዳንዷም አንድ ጥያቄ አቅርቡላት፤ በእርግጥ ሱቁ ደርሰሻል?

ቸር እንሰንብት።